ከአውሬው ጀርባ የጠረግኋት ፍየል

ሰው «ሥራሽ ምን ነበር?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ማጠብ» እላለሁ። «መኪና ነው ወይስ ሽማግሌ?» ይለኛል፤ እዚህ አሜሪካ የእኛ ሰው የሚያጥበው ከሁለቱ አንዱን ነዋ። «ገንዘብ» ስለው ይስቃል። የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ ጥሩነሽማ ለአዲስ መጪ ሁሉ የምታስተዋውቀኝ እንዲህ እያለች ነው፦ «ይቺ አስካለ ናት፤ ገንዘብ አጣቢ ናት። ፖሊስ ከመጣ አላውቃትም በሉ።»

ሳቁ ሳቅ ነው፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። የጥንት የነሐስ ሳንቲም ሳጥብ፣ ስጠርግ፣ ሳደርቅ ነው የኖርኩት። ባለፈው ወር የምሠራበት ሱቅ ተዘጋና ቁልፉን ለሕንፃው ባለቤት መለስኩ። ጡረታ ለሚወጣ ሰው ሽኝት ይደረጋል ሲባል እሰማለሁ። እኔን የሸኘኝ አላርሙ ነው፤ ኮዱን ነክቼ ስወጣ እንደ ሁልጊዜው ጮኸልኝ፣ ከዚያ ዝም አለ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ሞተር ሳላስነሣ ቆየሁ። ቤት ስደርስ ማን ይጠይቀኛል? ልጻፈው አልኩ።

አገር ቤት ደሴ ላይ የጥርስ ሐኪም ረዳት ነበርኩ። የጥርስ ድንጋይ መጥረግ ነበር ዋናው ሥራዬ። መሣሪያዋ እንደ ወፍ ጥፍር የታጠፈች ቀጭን ብረት ናት። ድንጋዩን ስትነካ ትነክሳለች፣ ጥርሱን ስትነካ ትንሸራተታለች፤ ሙያው ይህን ልዩነት በጣት መስማት ነው። ዲቪ ደርሶኝ አትላንታ የገባሁት ኦሎምፒኩ ባለፈ በዓመቱ ነበር። ሙያሽ ላይሰንስ ይፈልጋል ተባልኩ። ላይሰንሱ ትምህርት ይፈልጋል፤ ትምህርቱ ገንዘብ ይፈልጋል። እነሱ እንዲህ ሲፈላለጉ እኔ ኤርፖርቱ አጠገብ የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትኬት እቀበል ጀመር። ቀኑን ሙሉ ሰው በመስኮቴ ያልፋል፤ የማየው ግን እጁን ነው። ፊት ሳላይ የምውልበት ቀን ነበር።

የሚመጣ መኪና ሲጠፋ ከአገር ቤት ይዣት በመጣኋት የጥርስ መጥረጊያ የገንዘብ መሳቢያውን ዝገት እጠርግ ነበር። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ትኬታቸውን ሰጥተውኝ መንዳቱን ትተው እጄን ያያሉ።

«ያችን መሣሪያ ከየት አመጣሻት?»

«የጥርስ ናት ጌታዬ።»

«እሱንማ አውቃለሁ። እኔም አለችኝ። ግን እንዳንቺ አድርጌ ይዣት አላውቅም።»

ከኋላቸው የተሰለፈው መኪና ክላክስ ሲያደርግ ካርዳቸውን ሰጥተውኝ ሄዱ። ሚስተር ዋልተርን ያወቅኋቸው እንዲህ ነው፤ በካርዱ ደውዬ ስሄድ ቀጠሩኝ።

በወጣትነታቸው የላቲን አስተማሪ ነበሩ፤ በኋላ የጥንት ሳንቲም ነጋዴ ሆኑ። ሱቃቸው ፒችትሪ ኮርነርስ፣ ከአንድ የኢንሹራንስ ቢሮ ጀርባ ነበር። ሌባ እንዳያውቀው ምልክት የለውም፣ መስኮቱም ሁልጊዜ እንደተጋረደ ነው። ውስጡ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ማይክሮስኮፕ፣ እሳቸውና እኔ። ደመወዙ ከዳሱ ብዙም አይሻልም ነበር። ግን እዚያ «ሚስ አስካለ» የሚለኝ ሰው አለ። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም ይባላል፤ እኔ በልቤ እሳቸውን «አንተ» ብዬ አላውቅም።

የእጅ ሥራውን ፈጥኜ ያዝኩት። ሳንቲሙ ከመሬት ሲወጣ የጭቃ እንክብል ነው የሚመስለው። በተጣራ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ ውኃው እየተለወጠ ሳምንታት፣ አንዳንዱም ወራት ይቆያል። አሲድ ነውር ነው። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር በመርፌና በጥርስ መጥረጊያ ነው፣ የአፈር ቅንጣት በቅንጣት። አረንጓዴው ቆዳ ቆሻሻ አይደለም፤ የሳንቲሙ መልክ የተጻፈው እሱ ላይ ነው። አንዳንዱ እስከ ውስጡ ዝጎ ብረት የሚባል ነገር አይቀረውም፣ ቅርጹን ይዞ የቆየው ዝገቱ ራሱ ይሆናል። እሱን የጠረገ ሰው ሳንቲሙን ጠረገው። የአትላንታ በጋ ደግሞ ጠላት ነው፤ እርጥበቱ ሲገባ ነሐሱ ላይ እንደ ሻጋታ ያለ ነጣ ያለ አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል፣ አንዱ ሌላውን ያስይዛል። ኤሲው የተበላሸ ቀን ሚስተር ዋልተር ልጁ እንደታመመበት ሰው ነበር የሚሆኑት።

የሚከብደው ማየቱ ነበር። ሚስተር ዋልተር ሳንቲም ሲይዙ መጀመሪያ መዳፋቸው ላይ አድርገው ጨብጠው ይቆያሉ፣ እስኪሞቅ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ምን ታያለሽ?» ይላሉ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ ጡንቻማ ሰው አንበሳ አንቆ ይዞ አየሁና በደስታ «ሳምሶን!» አልኩ።

«ምን ታያለሽ ነው ያልኩሽ። ማን ነው አላልኩም።»

«ሳምሶን ነው እንጂ ሌላ አንበሳ አናቂ ማን አለ?»

«ግሪኮችም አላቸው» አሉ ስቀው። «ስም በመጨረሻ ነው የሚጠራው፣ ሚስ አስካለ። ስሙን ከጠራሽው በኋላ ዓይንሽ ሥራ ይፈታል።»

ነገሩን ያስረዱኝ ያን ጊዜ ነው። ሮማውያን የወርቁንና የብሩን ሳንቲም ራሳቸው እየመቱ ያወጡ ነበር፤ ዝርዝሩን የነሐስ ሳንቲም ግን በምሥራቅ ላሉት ከተሞች ይተዉላቸዋል። ከተማው በአንዱ ፊት የንጉሡን ራስ ያደርግና በሌላው ፊት የገዛ አገሩን ተረት ይቀርጻል። ማሰሮ ተደግፎ የተጋደመ ወንዝ፣ ፍቅረኛውን ፍለጋ በሌሊት ባሕር የሚዋኝ ጎልማሳ፣ እሷም ከግንብ ላይ መብራት ይዛ። የማላውቃቸው ሰዎች፣ የማላውቃቸው አማልክት።

«የእኛ ሰው አንድም የለበትም?» አልኳቸው።

«አንድ አለ። አፓሚያ የምትባል ከተማ ኖኅን ከነመርከቡ ሳንቲሟ ላይ ቀርጻዋለች። የኖኅ መርከብ ያረፈው እኛ ተራራ ላይ ነው ይሉ ነበር።»

ማመን አቃተኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን የጭቃ እንክብል ስይዝ ልቤ ኖኅን ይጠብቃል።

ይህን ሁሉ ስሠራ ሕሊናዬ ዝም አላለኝም። ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ጣዖት እየነካሁ እንዴት እቆርባለሁ?» አልኳቸው።

«ትሰግጂለታለሽ?»

«ኧረ በስመ አብ!»

«ታዲያ ምን ታደርጊዋለሽ?»

«በመርፌ እጠርገዋለሁ።»

ጢማቸውን ዳበሱና «ልጄ፣ አንቺ በመርፌ ካልጠረግሽው ፊቱ የማይታይ አምላክ ምኑ ያስፈራሻል? ይልቅ ጾምሽን አትርሺ» አሉኝ። ጾሙንስ አልረሳሁም። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንደማልበላ ሚስተር ዋልተር ማንም ሳይነግራቸው አውቀውት፣ በእነዚያ ቀናት ሳንድዊቻቸውን መኪናቸው ውስጥ ሄደው ይበሉ ነበር። አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

ስለ ብቸኝነቴ አንድ ነገር ልናገር፤ በኋላ የመጣው ስሕተት ከእሱ ነውና። ሊልበርን በምትባል ከአትላንታ ወጣ ያለች ከተማ ብቻዬን ነው የምኖረው። ቅዳሜ ገበያ ስሄድ አንዷን ሴት ከኋላዋ አያለሁ፤ አንገቷ፣ የነጠላዋ አጣጣል፣ አረማመዷ ቁርጥ የደሴዋ ጎረቤቴ። «ዘነበች! ዘነበች!» እያልኩ ጋሪዬን ጥዬ እሮጣለሁ። ስትዞር የሌላ አገር ሰው ናት፣ የለበሰችውም ነጠላ አይደለም። ይቅርታ ጠይቄ እመለሳለሁ። ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩት።

እያደር የሚስተር ዋልተር ዓይን ደከመ። ከሚያዩት ነገር መሐሉ ጠቆረ፣ ጠርዙ ብቻ ቀረ። «ምን ታያለሽ?» የሚሉኝ ለማስተማር መሆኑ ቀርቶ የእውነት ጥያቄ ሆነ። ኦሪገን ያለችው ልጃቸው በየሳምንቱ እየደወለች «አባዬ፣ ዝጋውና እኔ ጋ ና» ትላቸዋለች። እሳቸውም «ሚስ አስካለ ታይልኛለች» ይሏታል። ይህን በሰማሁ ቁጥር ደረቴ ይሞላል፤ ወዲያው ደግሞ እፈራለሁ። እኔ ካላየሁላቸው ሱቁ ይዘጋል፣ እሳቸው ይሄዳሉ፤ እኔም ወደ ዳሱ፣ ወደ እጆቹ።

አንድ ቀን ለዓይናቸው አፖይንትመንት ሲሄዱ ከሮዝዌል የመጣ የአንድ ዶክተር ሳንቲም ሰጡኝ። ዶክተሩ ከአባቱ የወረሰው ነው። ከጽሑፉ ተርፎ የሚነበበው የቆሮንቶስ ከተማ መሆኑን ይናገራል። «የንጉሡን ፊት ብቻ ጥረጊ። ጀርባውን አብረን እናየዋለን» አሉኝ።

ዕለቱ ሃያ ሦስት ነበር፣ የጊዮርጊስ። ጠዋት ሻማ አብርቼ «ሰማዕቱ፣ ዛሬ እንኳ ከአንድ የማውቀው ሰው አገናኘኝ» ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት። ንጉሡን ጨረስኩ፤ እሳቸው ገና አልመጡም። ገለበጥኩት።

መጀመሪያ የወጣልኝ ከታች የተጠማዘዘ ጅራት ነው፣ ጫፉ ላይ የእባብ ራስ ያለው። «ዘንዶ» አልኩ። ከዚያ የተነሣ የፈረስ እግር፣ ከዚያ ቁልቁል የተሰነዘረ ጦር። ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ባዶ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ «በዕለትህ መጣህልኝ!» አልኩ። ቆሮንቶስ ደግሞ ጳውሎስ የጻፈላት ከተማ አይደለችም? ኖኅ ካለ ጊዮርጊስ ለምን አይኖርም? ሚስተር ዋልተር ሲመለሱ አሳያቸዋለሁ፣ እሳቸውም ይደነቃሉ ብዬ ቸኮልኩ።

ከዚያ በኋላ ማየት አቆምኩ፤ ያወቅሁት መስሎኛልና።

ከአውሬው ጀርባ መካከል፣ ከፈረሱ ሆድ ሥር፣ አንድ እብጠት ነበር። በልጅነቴ ደብር ግድግዳ ላይ የተሣለው ዘንዶ ጀርባው ለስላሳ ነው፣ እብጠት የለውም። አፈር ነው አልኩ። መርፌዋ አንዴ ተንሸራተተች፣ ጥርስ ስትነካ እንደምታደርገው። ጣቴ ሰምቷል። ጫን አልኩ፤ ተፈረፈረ። ከፈረሱ ትከሻ በላይ ሌላ እብጠት ነበር፤ እዚያ ላይ ግን ብሩታዊትን ስለጠበቅሁ፣ ሰማዕቱ ከዘንዶው ያዳናትን ልጅ በዛፏ ላይ ሆና፣ እንዳልጎዳት ብዬ በቀስታ ሄድኩ። ላባ ወጣ። ሌላ ላባ። ፈረሱ ክንፍ አወጣ። መርፌዋን አስቀመጥኩ።

ሚስተር ዋልተር ዓይናቸው ላይ ጠብታ ተጨምሮበት፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። ፊቴን አላዩም፤ ዝምታዬን ሰሙ።

«ምን ታያለሽ?»

«ክንፍ ያለው ፈረስ። የተቀመጠበት ሰው ጦር ወደ ታች ሰንዝሯል። ከሥር አውሬ አለ፤ ፊቱ አንበሳ ይመስላል፣ ጅራቱ እባብ ነው።»

«ጀርባው ላይስ?»

«ምንም።»

«ምንም የለም ወይስ ምንም አላየሽም?»

«እብጠት ነበር። ጠረግሁት።»

ሳንቲሙን ተቀብለው መዳፋቸው ላይ ጨበጡት። ቆዩ። ከዚያ በአውራ ጣታቸው ያን ቦታ ዳበሱት።

«እዚህ ጋ ፍየል ነበረች» አሉ። «ከአውሬው ጀርባ የበቀለች የፍየል ራስ። ፊቱ አንበሳ፣ መሐሉ ፍየል፣ መጨረሻው እባብ፤ በክንፋም ፈረስ ሆኖ ከአየር ላይ የገደለውም በግሪኮች ተረት አንድ የቆሮንቶስ ጎልማሳ ነው። ያለ ፍየሏ ይሄ ሌላ አውሬ ነው።»

«እኔ ጊዮርጊስ መስሎኝ ነው።»

«ሚስ አስካለ፣ ይህ ሳንቲም ሲመታ ያንቺ ጊዮርጊስ ገና አልተወለደም።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ሳላስበው በአማርኛ «ፍየል ወዲያ ቅዝምዝም ወዲህ» አልኩ። ምን አልሽ አሉኝ። ፍየሏ በዚያ ስትሆን ዱላው በዚህ ሲወረወር የሚባል ነው፣ ዒላማውን ለሳተ ሰው፣ ብዬ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና «የእኛዋንስ ቅዝምዝሙ አግኝቷታል» አሉ። የሳቅሁ መስሎኝ አለቀስኩ።

ዶክተሩ ሲመጣ እሳቸው ከመናገራቸው በፊት ራሴ ነገርኩት። ሳንቲሙን ጠረጴዛው ላይ ትቶት ወጣ፤ ሚስተር ዋልተር ካሡት። ወሬው ለልጃቸው ደረሰና በዚያው ሳምንት ተሳፍራ መጣች። ክፉ ሴት አይደለችም። ቆማ፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ ፊት ለፊቴ ተናገረች።

«ሚስ አስካለ፣ አትቀየሚኝ። አባቴ አያይም። አንቺ ደግሞ የምታዪውን አታውቂውም። ሁለታችሁ እንዴት ብላችሁ ሱቅ ትይዛላችሁ?»

ሚስተር ዋልተር መሳቢያቸውን በዳበሳ ከፈቱ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ፣ ጨብጠው አሞቁትና ሰጡኝ።

«አንድ ነገር ብቻ እንስማ» አሏት ልጃቸውን። «ከሳተች አብሬሽ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ታያለሽ?»

ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግሁት። ገና ከማየቴ ልቤ ስሙን ጮኸ። ከንፈሬን ነክሼ ዝም አሰኘሁት።

«ሣጥን» አልኩ። «ክዳኑ የተከፈተ። ሣጥኑ ውስጥ ሁለት ሰዎች ከወገባቸው በላይ ይታያሉ፤ አንዱ ወንድ ነው፣ ሁለተኛዋ ተከናንባለች። ከሥሩ ውኃ የሚመስል መስመር አለ። ክዳኑ ላይ ወፍ አርፋለች። ሌላ ወፍ ከላይ እየመጣች ነው፤ እግሯ ላይ ቅጠል አለ። ከሣጥኑ ውጭ፣ በግራ፣ እንደገና ወንድና ሴት ቆመዋል፣ ቀኝ እጃቸውን አንሥተዋል። ልብሳቸው ከሣጥኑ ውስጦቹ ጋር አንድ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሣጥኑ ፊት ላይ ሦስት የግሪክ ፊደል አለ።»

«ማን ነው?»

«አላውቅም።»

«ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ፊደሎቹን ገና አላነበብኳቸውም።»

ልጃቸው ኮቷን ማውለቅ ጀመረች። «አንብቢና ስሙን ጥሪው» አሉኝ።

እሳቸው እንዳስተማሩኝ አንድ በአንድ አነበብኳቸው። «ኖኅ» አልኩ። ያን ስም ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ጠርቼው አላውቅም።

«ቅጂ ነው» አሉ እያፈሩ። «ዋናውን ለመግዛት አቅሙ ኖሮኝ አያውቅም።»

ልጃቸው ብቻዋን ተመልሳ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያለው ዘመን የሥራዬ ምርጡ ዘመን ነው። እኔ አያለሁ፣ እሳቸው ይሰይማሉ። «ሴት፤ ራሷ ላይ ግንብ የሚመስል ዘውድ ደፍታለች፣ ከእግሯ ሥር የሚዋኝ ልጅ አለ» እላለሁ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ይስቁና የከተማዋን ስም ይነግሩኛል። አንዳንዴ በገለጻዬ ተሳስተው ሌላ ከተማ ይጠራሉ። «ስም በመጨረሻ ነው» እላቸዋለሁ፤ እጃቸውን ወደ ላይ ያነሣሉ፣ እንደተማረከ ወታደር። ሙሉ በሙሉ ሲታወሩ እንኳ በየጠዋቱ ክራቫት አስረው ይመጡ ነበር፤ ከቤታቸው አምጥቼ የምመልሳቸው እኔ ነበርኩ።

በክረምት ዐረፉ። ቀብራቸው ላይ ነጠላ የለበስኩት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ የት እንደምቀመጥ የሚያውቅ አልነበረም፣ እኔም አላወቅሁም። ለቅሶ እንዳልቀመጥ ዘመዴ አይደሉም። ለአለቃ ድንኳን አይጣልም። ጥሩነሽ በሳህን ሽሮ ይዛ መጣችና በር ላይ «የገንዘብ አጣቢዋ አለቃ ሞቱ አሉ» ብላ ጀመረች፤ ፊቴን ስታይ ነጠላዋን አዘቅዝቃ አጠገቤ ተቀመጠች። ጥሩነሽ ዝም ያለችበትን ቀን ሌላ አላስታውስም።

ልጃቸው የቀረውን ሳንቲም ጠርጌ እስክጨርስ ሱቁን ከፍታ አቆየችልኝ። ስንለያይ «አባዬ ይህን ለእሷ ስጫት ብሎኛል» ብላ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ኖኅ መሰለኝ። ቤቴ ገብቼ ስፈታው ፍየል የሌለው አውሬ ነው።

አሁን እጄም ይንቀጠቀጣል፣ ሥራም የለም። ግን ልማድ አይለቅም። ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ ሳንቲሙን እጨብጠውና እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ከዚያ ማንም ስለማይጠይቀኝ ራሴን እጠይቃለሁ፦ ምን ታያለሽ?

ጠረጴዛ። ሁለት ወንበር፤ አንደኛው ላይ ነጠላዬ ተጣጥፎ፣ ሌላኛው ላይ እኔ። ግድግዳው ላይ በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ሰማዕት። መዳፌ ላይ ሌላ ፈረሰኛ፤ ከሥሩ አውሬ፣ ከአውሬው ጀርባ ላይ አውራ ጣት የሚገባበት ለስላሳ ባዶ ቦታ። በመስኮቱ ውጭ አንዲት ሴት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታወርዳለች። አንገቷን አውቀዋለሁ፣ አረማመዷንም።

ስሟን አልጠራም። እስክትዞር እጠብቃለሁ።